በጎ ፈቃደኛው መጣ፤ ሥራውስ ተዘጋጅቷል?

በትልልቅ በዓላት ሰሞን በአዲስ አበባ የአረጋውያንና የሕፃናት መርጃ ማዕከላት በር ላይ የሚታየው ግርግር ለከተማው ሰው እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ ያስጋገረ፣ በግ የገዛ፣ ልደቱን ከአረጋውያን ጋር ሊያከብር ኬክ የያዘ፣ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ የመጣ ሁሉ ግቢውን ይሞላዋል፤ ያጎርሳል፣ ያቅፋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንዳንዱም ከልቡ ያለቅሳል። በሐምሌ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲወርድ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አልጋ የሚያነጥፍ፣ በሽተኛ ደግፎ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው በሚፈለግበት ሰዓት ግን ያው ግቢ ጭር ብሎ ይውላል።

ይህን ልዩነት ብዙዎች የሚያስረዱት «ለጌሾ ወቀጣ ማንም ሰው አልመጣ፣ ለመጠጡ ጊዜ ከየጎሬው ወጣ» የሚለውን ግጥም እየጠቀሱ፣ የእኛ ሰው ቸርነት ወረት ይበዛበታል በማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። በበዓል ቀን ሥራው ራሱ ግልጽ ነው፤ ምግብ ይመጣል፣ ሰው ይመገባል፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ይታወቃል፣ የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። በሐምሌው ማክሰኞ ግን የሚመጣውን ሰው ማን እንደሚቀበለው፣ ምን እንደሚሰጠው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ተሳስቶ ጉዳት ቢያደርስ ማን እንደሚጠየቅ በአብዛኛው አልተወሰነም። ሰውን የሚያርቀው ከልቡ መቀዝቀዝ ይልቅ ይህ ያልተሰናዳ ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኞችን ማስተዳደር የሚባለው ነገርም ሰውን ከመምራቱ በፊት ሥራውን ከማሰናዳት ይጀምራል።

ጉዳዩ ወቅታዊ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን የሚታሰበውን ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን እ.ኤ.አ. በ1985 የደነገገው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. 2026ን ደግሞ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት ብሎ ሰይሞታል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ስያሜ የተሰጠው ለ2001 ነበር። በአገራችንም የክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የየዓመቱ መርሐ ግብር ከሆነ ሰንብቷል፤ የአቅመ ደካሞች ቤት ይጠገናል፣ ተማሪዎች በትምህርታቸው ይታገዛሉ፣ ደም ይለገሳል፣ ችግኝ ይተከላል። ስለ ጥሪውና ስለ ተሳታፊው ብዛት ብዙ ይነገራል። ጥሪውን ሰምቶ የመጣው ሰው ከበሩ ከገባ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክር በኢትዮጵያ ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የሚታወቀው የበጎ ፈቃድ ጥሪ ሳይሆን አይቀርም። ለጥሪነቱ ከዚህ የተሻለ አነጋገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ሀብት የለኝም፣ ሙያ የለኝም፣ ጊዜ የለኝም የሚለውን ሰበብ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ነገር ግን መፈክሩ የተነገረው ደጅ ላሉት ነው። አንድ ሰው ከበሩ ከገባ በኋላ መዋጥ የሚያስቸግራቸውን አዛውንት ትን ሳይላቸው እንዴት እንደሚያጎርስ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሲቆጣ ምን ብሎ እንደሚያናግረው፣ አልጋ ላይ የዋለን ሰው ቆዳው እንዳይቆስል በስንት ሰዓቱ እንደሚያገላብጠው በደመ ነፍስ አያውቀውም። ለመምጣት ሰው መሆን በቂ ነው፤ ለመጥቀም ግን የሚያሳይ ሰው፣ የሚማርበት ጊዜና የሚመደብበት ቦታ ያስፈልጋል።

የውዴታ ግዴታ ጥላ

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. በተቀበለው ትርጓሜ መሠረት የበጎ ፈቃድ ሥራ ሦስት ምልክቶች አሉት፤ ክፍያ የለበትም፣ ግዴታ የለበትም፣ ለሌላ ሰው የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ምልክት ብዙም አያከራክርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በእኛ አገር ሁኔታ የተደበላለቁ ናቸው፤ ድርጅቶች ሳያስተውሉ የሚሰናከሉትም እዚያ ላይ ነው።

ከግዴታው እንጀምር። በ1950ዎቹ ማብቂያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ የነበረው ለመመረቅ ግዴታ አድርጎ ነው። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ያሰማራው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ውስጥ በፍላጎቱ የሄደ፣ እያኮረፈ የሄደ፣ ጥሎ የጠፋም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ውጤቱም በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል፤ ያም ሆኖ ከዘመቻው ጋር የተያያዘው የቀበሌ ስም ዝርዝርና የመቅረት ፍርሃት ከብዙ ቤተሰብ ትዝታ አልጠፋም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተደራጀው የሴቶች ልማት ሠራዊት ደግሞ የገጠር እናቶች ከቤታቸው ሥራ በላይ የጎረቤቶቻቸውን የጤና ሁኔታ እንዲከታተሉ ያለ ክፍያ ሲመደቡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ሁለቱ በአንድ መንደር ጎን ለጎን ሲሠሩ አንዷ በወር መጨረሻ ትፈርማለች፤ ሌላዋ ትመሰገናለች። አማርኛችን «የውዴታ ግዴታ» የሚል ሐረግ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ታሪክ ለአንድ መለስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን አይደለም። ድርጅቱ በጎ ፈቃደኞችን ከትምህርት ቤት፣ ከወረዳ ወይም ከአንድ ኩባንያ የሰው ኃይል ክፍል በኩል በጅምላ ሲቀበል፣ ከመጡት መካከል ስንቱ በአለቃው ዓይን ፈርቶ እንደመጣ አያውቅም። ተገዶ የመጣ ሰው ሥራውን አይቃወምም፤ ይለግማል፣ ያረፍዳል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው አስተባባሪ በቡድን የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው፣ አለቃቸው ወይም መምህራቸው በሌለበት ያነጋግራል፤ «ይህ ሥራ ባይመችህ ስምህን ለማንም ሳላሳልፍ ላሰናብትህ እችላለሁ» ይላል። እንዲህ የተባለ ሰው በአብዛኛው አይሄድም፤ የሚቀረውም አሁን በራሱ ፈቃድ ነው። ጥቂት ደቂቃ የምትወስደው ይህች ንግግር ከብዙ ሥልጠና ትበልጣለች።

ሁለተኛው ብዥታ ክፍያ ነው። «ትራንስፖርት አለው?» የሚለው ጥያቄ ሲቀርብላቸው የሚከፉ የድርጅት ኃላፊዎች አሉ፤ የበጎ ፈቃድ መንፈስ ጠፋ ይላሉ። ከሰሚት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ለመድረስ ታክሲ ሦስት ጊዜ የሚቀያይር ሥራ አጥ ወጣት ግን ጥያቄውን የሚጠይቀው ስለ መንፈስ ብሎ አይደለም። የመጓጓዣና የምሳ ወጪውን መተካት ክፍያ አይባልም፤ ከኪሱ እንዳያወጣ መከላከል ነው። ችግሩ የሚመጣው አበሉ ከወጪው በላይ ሲሆን፣ በየወሩ ቁርጥ ተደርጎ ሲሰጥና ሰውዬው በሙሉ ሰዓት በአለቃ ትእዛዝ እየሠራ «በጎ ፈቃደኛ» ሲባል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የሚኖረው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው፤ ስለሆነም ስሙን አበል ብሎ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት አንድ ቀን ከችሎት ፊት ስለ ቃላት ሊከራከር ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዝምታው ነው። ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ያጣች ልጅ ነገ ይቀጥሩኛል ብላ ሁለት ዓመት በነጻ ስታገለግል፣ ድርጅቱ ምንም ቃል ባይገባላትም ተስፋዋን እያየ ዝም ካለ፣ ዝምታው እንደ ቃል ይቆጠርበታል። የቅጥር ዕድል ከሌለ በመጀመሪያው ቀን፣ በጽሑፍ ጭምር፣ የለም ማለት ይገባል።

ደቦ እንዴት ይጠራል?

ስለ በጎ ፈቃደኞች አስተዳደር የሚሰጡ ሥልጠናዎች በአብዛኛው ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መመሪያዎቹ መጥፎ አይደሉም። የሚገርመው ግን ሠልጣኞቹ ቅዳሜና እሑድ በየሰፈራቸው የሚያደርጉትን ነገር ሰኞ ዕለት እንደ አዲስ ትምህርት መስማታቸው ነው።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ የሚያደርገውን እናስተውል። ቀኑን ከሌሎች ደቦ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ይመርጣል። የሚጠራውን ሰው ቁጥር ከሚታጨደው ማሳ ጋር ያመዛዝናል፤ አሥር ሰው የሚበቃውን ሥራ ሠላሳ ሰው ጠርቶ ሃያውን ዳር ቢያስቀምጥ መሳቂያ ይሆናል። ጠላው ከብዙ ቀን በፊት ይጠመቃል፣ ምሳው በሰዓቱ ይቀርባል። ማጭድ ያልያዘ ሰው እንዳለ ያያል። ሥራው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማሳው ራሱ ያሳያል፤ ማታ ሁሉም ዞር ብሎ ያጨደውን ያያል። ወንፈል ደግሞ ሌላ ስምምነት ነው፤ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል፤ ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለቱ የሚለያዩት ውለታው በሚመለስበት መንገድ ነው፤ የሚመሳሰሉት ደግሞ ምን እንደሚመለስ ማንም የማይጠራጠር በመሆኑ ነው።

አሁን ይህንን ከአንድ የተለመደ ድርጅት ጋር እናነጻጽር። በቴሌግራም ጥሪ ይለቀቃል። ሁለት መቶ ሰው ስሙን ይጽፋል። ቅዳሜ ጠዋት ስድሳ ሰው ይመጣል፤ አስተባባሪው አንድ ነው፣ መጥረጊያው ስምንት ነው። የሒሳብ ባለሙያዋ ካርቶን ትሸከማለች፣ የቧንቧ ሠራተኛው ወረቀት ያጥፋል፣ ሃያ ሰው ጥላ ፈልጎ ቆሞ ያወራል። በስድስት ሰዓት የቡድን ፎቶ ይነሣና ሁሉም ይበተናል። ድርጅቱ በሪፖርቱ «60 በጎ ፈቃደኞች ተሳትፈዋል» ብሎ ይጽፋል። ደቦ ጠሪው ገበሬ ቢያየው ምን ይል ነበር?

እንዲህ ያለው ስሕተት የድሃ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለኮሮና ወረርሽኝ 250 ሺህ በጎ ፈቃደኞች እፈልጋለሁ ብሎ ጥሪ ቢያቀርብ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ750 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ምዝገባው ለጊዜው እስከ መቋረጥ ደረሰ። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ግን ስልካቸውን ከፍተው እየጠበቁ ለሳምንታት አንድም ሥራ አልደረሳቸውም። ፈቃደኛ ከሥራ ቀድሞ ሲገኝ የሚሆነው ይህ ነው። ሊረዳ ፈልጎ ሥራ ያጣ ሰው የሚሰማው ቅሬታ ደግሞ ጭራሽ ካልተጠራ ሰው ቅሬታ ይበልጣል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ በየበጎ አድራጎት ስብሰባው ይጠቀሳል። ምሳሌው ሳይናገር ያለፈው አንድ ነገር አለ፤ ሎሚውን አንድ አንድ አድርጎ ያደለ ሰው መኖር አለበት። ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ ሎሚው መሬት ላይ ከተዘረገፈ፣ ሦስቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሊሸከሙ ይሞክራሉ፣ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። በየማኅበሩና በየድርጅቱ ሁልጊዜ የማይታጡት፣ ሁሉንም የሚሠሩትና ከሁለት ዓመት በኋላ ታክተው የሚቀሩት ሰዎች እነዚያ ሦስቱ ናቸው።

እድር ከደቦም በላይ የተደራጀ ትምህርት ቤት ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊው፣ ጥሩምባ ነፊው ሥራቸው የተለየ ነው። መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ ድንኳን የሚተክለው ተረኛ ይታወቃል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል። አንድ ሰው ሌሊት ቢሞት፣ ከንጋት ጀምሮ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ድስቱ ይጣዳል፤ ማንም ማንንም «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቢሮ በሌለው፣ ኮምፒውተር በሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ በሌለው ተቋም ነው። እርግጥ ከእድር ሁሉንም መውሰድ አይቻልም። እድርተኛው የሚመጣው ነገ በእሱም ላይ የሚደርስ መሆኑን ስለሚያውቅና ቢቀር መቀጮ ስላለበት ነው፤ በጎ ፈቃደኛን በመቀጮ መያዝ አይቻልም፣ አይገባምም። ተራው፣ መዝገቡ፣ ስም ጥሪውና የሥራው ክፍፍል ግን እንዳሉ ሊወሰዱ የሚችሉ ናቸው።

በተግባር ሲተረጎም፣ አንድ ድርጅት ጥሪ ከማውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ሥራ በግማሽ ገጽ መጻፍ አለበት፤ ሥራው ምንድን ነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይፈልጋል፣ ለስንት ወር፣ ምን ችሎታ ይጠይቃል፣ ኃላፊው ማን ነው፣ የትኛውን ነገር በጎ ፈቃደኛው በራሱ መወሰን የለበትም። ግማሽ ገጽ ሊጻፍለት ያልቻለ ሥራ ገና ሥራ አልሆነም ማለት ነው። በሐምሌው ማክሰኞ ሰው ማግኘት የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው፤ «መጥታችሁ እርዱን» ለሚለው ጥሪ የሚመልስ ሰው ባይኖርም፣ «ማክሰኞ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር፣ ለሦስት ወር፣ ሁለት አረጋውያንን ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያደርስ» ለሚለው ጥሪ ራሱን የሚያገኝ ጡረተኛ ወይም የማታ ተማሪ አይጠፋም።

ይሉኝታ የሚያበላሸው

በውጭ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኝ፣ በእኛ ድርጅቶች ውስጥ ግን ከገንዘብ እጥረት በላይ ሥራ የሚያበላሽ አንድ ነገር ይሉኝታ ነው። አስተባባሪዋ በነጻ የሚያገለግል ሰው ሲያረፍድ፣ ከተረጂ ጋር በቁጣ ሲነጋገር ወይም የማያውቀውን ሥራ ሲያበላሽ እያየች ዝም ትላለች፤ «በነጻ የመጣን ሰው እንዴት እናገራለሁ?» ብላ። በተለይ ሰውዬው በዕድሜ የገፉ፣ በማኅበረሰቡ የተከበሩ ወይም ትልቅ ለጋሽ ከሆኑ ነገሩ ጭራሽ አይነሣም። በጎ ፈቃደኛውም በበኩሉ ሥራው ቢከብደው፣ ቢሰለቸው ወይም ሌላ ኃላፊነት ቢመጣበት «አልችልም» ማለት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ አይናገርም፣ ስልክ ማንሣት ያቆማል። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ላለማስቀየም ሲጠነቀቁ ሥራው ያለ ባለቤት ይቀራል።

ይሉኝታን በስብከት ማጥፋት አይቻልም። በአሠራር ግን ማለፍ ይቻላል። አንደኛው መንገድ የጊዜ ገደብ ነው። ማንኛውም ምደባ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር ብቻ ሆኖ ከተጻፈ፣ መጨረሻው ላይ ሁለቱም ወገን በክብር የሚለያዩበት በር ይኖራል፤ ማራዘም ለፈለገ ይታደሳል፣ ላልፈለገ ምስጋና ይሰጠዋል፣ ማንም ማንንም አላባረረም። ሌላው መንገድ እርማቱን ከሰው ወደ ደንብ ማዛወር ነው። የበላይ ሆኖ «ተሳስተዋል ጋሼ» ማለት ለአንዲት ወጣት አስተባባሪ ይከብዳታል፤ «ጋሼ፣ ደንባችን ሕፃናትን ለብቻ ይዞ መውጣትን አይፈቅድም፣ ለማንም» ማለት ግን ትችላለች።

የደም ባንክ አሠራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደም ሊለግስ የመጣ ሰው ዕድሜው፣ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱና የጤና ታሪኩ ይጠየቃል፤ መስፈርቱን ካላሟላ «ዛሬ አይሆንም» ተብሎ ይመለሳል። ክንዱን ዘርግቶ የመጣን ሰው መመለስ በሌላ ቦታ ቢሆን ነውር በተባለ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አይቀየምም፤ መስፈርቱ ለሁሉም አንድ እንደሆነና የሚጠብቀውም ለጋሹንና ተቀባዩን እንደሆነ ይታወቃል። ለጋሹ ከሰጠ በኋላም ይቀመጣል፣ የሚጠጣ ነገር ይቀርብለታል፣ በሦስት ወር ተመልሶ መምጣት እንደሚችል ይነገረዋል። መጠየቅ፣ መምረጥ፣ መጠበቅ፣ ማመስገን፣ ቀጠሮ መስጠት፤ ይህ ሁሉ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል።

በሕፃናት ዙሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች ግን ከዚህም በላይ ጥብቅ መሆን አለባቸው፤ በዚህ ላይ መለሳለስ ደግነት አይደለም። ወላጅ ያጡ ሕፃናት የሚኖሩበት ቤት ማንም ባሻው ሰዓት ገብቶ የሚያቅፍበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥሎ የሚሄድበት ቦታ ሲሆን፣ ሕፃኑ ሰውን መልመድና ማጣት እየተደጋገመበት ያድጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ በእንዲህ ያሉ ተቋማት ውስጥ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት የሚያስከትለውን ጉዳት ጠቅሷል። መታወቂያ ማየት፣ የሚያውቁትን ሁለት ሰዎች ደውሎ መጠየቅ፣ ማንም አዋቂ ከሕፃን ጋር ለብቻው በዝግ ክፍል እንዳይሆን መከልከል ውድ ነገሮች አይደሉም። የፎቶው ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተረጂን ፊትና የሕመም ታሪክ በማኅበራዊ ገጽ መለጠፍ የጨዋነት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

አስተባባሪውን ማን ይክፈለው?

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ድርጅቶች ግን አስተባባሪነት ለጸሐፊዋ፣ ለፕሮጀክት ኦፊሰሩ ወይም ለሌላ በጎ ፈቃደኛ በትርፍ ሥራነት የሚሰጥ ነው። እስቲ እናስላው። 40 በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው በሳምንት 4 ሰዓት ቢያገለግሉ 160 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ የአራት ሙሉ ቀን ሠራተኞች ጉልበት ነው። አራት ሠራተኞች ቀጥሮ ያለ ኃላፊ የሚተው ቦርድ የለም። አርባ ሰዎችን ያለ ኃላፊ የሚተው ቦርድ ግን ሞልቷል፤ ምክንያቱም ጉልበቱ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። አርባ ሰው መምራት ደግሞ አራት ሰው ከመምራት ይከብዳል፤ አርባ ስልክ፣ አርባ የጊዜ ሰሌዳ፣ አርባ የመምጣት ምክንያት አለ።

ቦርዶች እዚህ ላይ የሚያነሡት ሰበብ ሕጉን ነው። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የነበረው 70 ለ30 የሚባለው መመሪያ (ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር) ሥልጠናን የመሰሉ ወጪዎችን ሳይቀር ከአስተዳደር ወጪ ይቆጥር ስለነበር በድርጅቶች ላይ የፈጠረው ፍርሃት ጥልቅ ነው። አሁን ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከዓላማ ማስፈጸሚያው ሥራ ጋር ያልተያያዘውን፣ ድርጅቱ ለመኖር ብቻ የሚያወጣውን ነው። አረጋውያንን የሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞችን የሚያሠለጥንና የሚያሰማራ ሰው ደመወዝ ከእንክብካቤው ፕሮጀክት ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ፣ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ምክንያቱ ተጽፎ መግባት ይኖርበታል። ችግሩ በአብዛኛው ሕጉ አይደለም፤ የፕሮጀክት ሐሳቡ ሲጻፍ የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ወጪ የለውም ተብሎ መታለፉ ነው። ለጋሾችም ቢሆኑ ስለ ካናቴራው ዋጋ ይጠይቃሉ እንጂ ካናቴራውን የሚለብሰውን ሰው ማን እንደሚመራው ብዙ ጊዜ አይጠይቁም።

ከበጀቱ የማይነጠል ሌላ ጥያቄ የአደጋ ነው። ለሠራተኛ የተደነገገው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ በሥራ ውል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቤት ሲጠግን ከጣሪያ የወደቀ በጎ ፈቃደኛ ያ ውል የለውም። ድርጅቱ ቢያንስ የሕክምና ወጪ መጠባበቂያ መያዝ፣ ከተቻለም የቡድን የአደጋ መድን መግዛት ይገባዋል። ይህን የማይችል ድርጅት ሰውን ጣሪያ ላይ ባያወጣ ይሻላል።

በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊም የራሱ ጉዳይ አለው። በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማዕከላት የሚቆሙት ከሁለት ሥራ የተረፈውን እሑድ በሚሰጡ ሰዎች ነው፤ እዚያ ያለው ሕመም ከላይ የተነገረው የሦስቱ ሎሚ ተሸካሚዎች ሕመም ነው። ለአጭር ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚመጡ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋሉ። ሁለት ሳምንት ያለው ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያውን ሳምንት በፈቃድ ወረቀትና በጉምሩክ በተያዘ መሣሪያ ካሳለፈ፣ የቀረው ሳምንት ለጉብኝት ቢሆን አይፈረድበትም። ተቀባዩ ድርጅት ታካሚዎቹን፣ ፈቃዱንና አብሮ የሚማረውን የአገር ቤት ሐኪም ከወራት በፊት ካላዘጋጀ፣ እንግዳውን ባይጠራው ይሻላል።

ስለ ምስክር ወረቀትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። «ላደረጉት መልካም ትብብር» የሚል ባለ ቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ለሥራ ፈላጊ ወጣት ግን ምንም አይፈይድለትም። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህንን ሥራ፣ በእገሌ ኃላፊነት ሠርቷል የሚል ተራ ደብዳቤ ይበልጥ ይጠቅመዋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ደግሞ መዝገብ የያዘ ድርጅት ብቻ ነው።

መዝገቡ ብዙ ነገር ሊሸከም አይገባውም፤ ስም፣ ስልክ፣ የመጣበት ቀን፣ የሠራው ሥራ፣ የቆየበት ሰዓት ይበቃል። አንድ ጥራዝ ደብተር ከእስክርቢቶ ጋር በሩ አጠገብ ቢቀመጥ ይሠራል። ከስድስት ወር በኋላ አስተባባሪዋ ደብተሩን ከፍታ አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ያልተመለሱትን ሰዎች ታሰምርባቸው። ከእነሱም ለአምስቱ ደውላ ስለ መቅረታቸው ሳትወቅስ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃቸው፤ «የመጡ ዕለት ምን ሥራ ተሰጥቶዎት ነበር?»